ባለ አረንጓዴ ጭራዎቹ

«አይጦቹ ድነዋል እኮ!» አለች አክስትየዋ ባልዲዋን ቧንቧው ሥር እያስቀመጠች። ይህን ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም። ለባለሱቁ ብላዋለች፣ ለጫማ ሰፊው ብላዋለች፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰው ሳይቀር ደረጃው ላይ አስቁማ ብላዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተራው የደረሰው ከፎቅ ለምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ ነበር። «እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። የኔዋ ናት የነገረችን፣ የአይጥ እናት። መጀመሪያ ቅጠሉን ያጠጧቸዋል፣ ቀጥሎ ክኒኑን ይሰጧቸዋል፣ ከዚያ ጉበታቸው እንደ አዲስ! ለአይጥ የተገኘ መድኃኒት ለሰው ልጅ ይነፈጋል? እስቲ አንቺ ያስተማርሽ ሰው ነሽ፣ ፍረጂኝ።» ጡረተኛዋ አስተማሪ መፍረድ አልፈለገችም፤ ባልዲዋ እስኪሞላ ከንፈሯን መጠጠችላት።

የአይጥ እናት የተባለችው ልጅ ጥርሷን እየቦረሸች በመስኮት ትሰማለች። አፏ በአረፋ እንደተሞላ ወጣችና ቦዩ ውስጥ ተፋች። «አልዳኑም! ስንቴ ልንገርሽ አክስቴ? መዳን ማለት ታሞ መነሳት ነው። እነሱ ጭራሽ አልታመሙም። ቅጠሉ ጉበታቸውን ጠበቀላቸው እንጂ አላዳናቸውም። ሌባ ሳይገባ በር የሚዘጋና ሌባ ከወጣ በኋላ በር የሚዘጋ እኩል ነው?»

«ይኸው! ይኸው ምላስ!» አክስትየዋ ባልዲዋን ትታ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ እሷ ሰዋስው ታርመኛለች። የቅጠሉን ጭማቂ ጠርሙስ አምጪ ነው ያልኩሽ፣ ዋናውን፣ ፍሪጅ ውስጥ የቆለፋችሁበትን። ቃላቱን እንደፈለግሽ አድርጊያቸው።»

ልጅቷ ዲግሪ የላትም፤ ምላስ ግን አላት ይሏታል። የመድኃኒት ቅጠል የሚፈትሽ አንድ የምርምር ተቋም ሲቀጥራት የእንስሳቱን ክፍል እንድትጠርግ፣ ከየሳጥኑ እርጥብ ሰጋቱራ እያወጣች ደረቁን እንድትተካ ነበር። ተመራማሪዎቹ የጣሉትን አሮጌ መጽሐፍ ከቅርጫት እያወጣች፣ ያልገባትን እየጠየቀች፣ ሲስቁባት መልሳ እየሰደበች፣ አሁን አይጦቹን በጎባጣ መርፌ በአፋቸው የምታጠጣው እሷ ሆናለች። በዚህ ትኮራለች። ቤት ውስጥም በበሽታ፣ በመብራት መቋረጥና በመንግሥት ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ናት፤ ይህን ትወደዋለች፤ የማትወደው ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅን ነው። ስለ ቅጠሉም የነገረቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እራት ላይ፣ ጎርሳ ነበር። ነጭ አይጦች ናቸው፤ እንዳይምታቱ ጭራቸው ይቀለማል፤ ለእያንዳንዷ በኪሎዋ ተሰልቶ ይሰጣታል፤ ባለ አረንጓዴ ጭራዎቹ መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ክኒኑን ይወስዳሉ፤ ደማቸው ሲመረመር ምንም አልሆኑም። ከዚያ በላይ ማብራራት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ መስሎ ታያት። ያን ዕለት የአክስቷ ልጅ ዓይኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አብረው ስላደጉ ወንድሜ ነው የምትለው። «በይ እኔንም ጭራዬን አረንጓዴ ቀቢኝ» አላት። ሁሉም ሳቁ። ስቃ የማታውቀው ሚስቱ እንኳ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ ሳቀች።

ሐኪሙ ያኔ ጉበትህን ቫይረስ ይዞታል፣ ተኛ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ በራሱ ጊዜ ይለቅሃል ብሎት ነበር። እየለቀቀውም ነበር። ዓይኑ መንጣት ጀመረ፤ ስለ ኳስ መጨቃጨቅ ጀመረ። አክስትየዋ ግን በራሱ ጊዜ ይለቃል የሚባል ሕክምና አይገባትም፤ ሐኪም ምንም ካልሰጠ ወይ ደደብ ነው ወይ ንፉግ። ከተቋሙ አጥር ላይ ከሚበቅለው አንድ ዘለላ ቅጠል ቆርጠሽ አምጪልኝ ብትላት ልጅቷ፣ «ያንን ቅጠል እዚህ ቤት ውስጥ ካገኘሁት ዕቃዬን ሸክፌ ነው የምወጣው» አለቻት። የኪራዩን ግማሽ የምትከፍለው እሷ ስለሆነች ዛቻው የምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቅጠል ያነሳ የለም፤ ስለ ጠርሙሱ እንጂ። በዚህ መሀል ሾፌሩን አንድ ማለዳ ያስመልሰው ጀመር፤ በማግሥቱ የሚስቱ ስም ጠፋበት፤ ሆስፒታል አስገቡት።

ወደ ሆስፒታል በአንድ ታክሲ ሄዱ፤ አክስትየዋ ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ፣ በመሀላቸው ሌላ መቀመጫ ባዶ እያለ። የሆስፒታሉ በር ላይ የታሸገ ውሃ በእጥፍ ይሸጣል፤ የታመመ ሰው ያለው አይከራከርምና። አክስትየዋ ግን ተከራከረች፤ ልጅቷ ላይ ያላወጣችውን ሁሉ ውሃ ሻጩ ላይ አወጣች፣ «ከሬሳ ኪስ የምትለቅሙ!» ብላው ሁለት ጠርሙስ ገዝታ ገባች። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የመስኮቱ መስታወት ግማሹ በካርቶን ተተክቷል፤ የበረኪናና የአሮጌ ምግብ ሽታ ይተናነቃሉ። ልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ቢጫ ሆኗል። ዓይኑን ከፈት አድርጎ ጣሪያውን ያያል፤ እጆቹ አንሶላው ላይ መሪ ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላሉ። «ፍሬኑ አይዝም» ይላል። ቆየት ይልና «ወራጅ አለ?»

ልጅቷ እጁን ልትይዝ ስታጎነብስ አንጓው ላይ የታሰረ ክር አየች፤ ሦስት ጊዜ የዞረ፣ ጫፉ በጥንቃቄ የተቆረጠ፣ አረንጓዴ የስፌት ክር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ክታብ መሆኑ ነው?»

«ክር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ክር መሆኑንማ አየሁ። ዕውር መሰልኩሽ?»

ልብስ ሰፊዋ አማቷን አየች፤ አማቷ የውሃውን ክዳን መክፈት ያዘች። በሦስቱ ሴቶች መሀል ያልተነገረ አንድ ነገር ዞሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቷ እንደ ሁልጊዜው የሞኝ ነገር ነው ብላ ተወችው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከንፈሩ በእንቅልፍ እጦት ደርቋል። ወረቀቶቹን ገለጠና እንደ ተከፋ ሰው ዘጋቸው። «አልገባኝም» አለ። «ባለፈው ጊዜ የመጣው ውጤት ጥሩ ነበር፤ የጉበቱ ቁጥር እየወረደ ነበር። ድንገት ተመልሶ ጣሪያ ነካ። ቫይረሱ እንዲህ አያደርግም። ከኛ ውጪ የወሰደው ነገር አለ? ቅጠል፣ ሥር፣ ክኒን፣ መጠጥ፣ ምንም ይሁን ምን።»

አክስትየዋ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር ያን ሰዓት የጠየቃት የለም፤ ልጅቷ ቀድማ፣ «ምንም አልወሰደም ዶክተር» ብላለች።

«እርግጠኛ ነሽ? ምክንያቱን ካወቅነው አሁንም የምንሞክረው ነገር ይኖራል። ሰዎች እንቆጣለን ብለው ይደብቁናል።»

«እኔ የምውለው ከዚሁ ከጉበት ጋር ነው። ሌላ ቤት ሄደህ ጠይቅ። እኛ ቤት ቅጠል አይገባም።» ድምጿ ከስድስቱም አልጋ ተሰማ። የጎኑ በሽተኛ አስታማሚ ዞሮ አያት። ሐኪሙም ትንሽ አያት፤ ከዚያ አክስትየዋን አያት። አክስትየዋ የተከፈተ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እሷ ናት የተማረችው» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ሐኪሙ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ አክስትየዋ የልጅቷን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። «ስሚኝ። መለመን አልችልበትም፣ አሳድጌሻለሁ፣ አሳዳጊ አይለምንም። ጠርሙሱን ዛሬ ይዘሽልኝ ነይ።»

«ጠርሙሱ አይረዳውም አልኩሽ። ከተጎዳ በኋላ አይሠራም። አንቺ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

«ልጄ ከሞተ በየትኛው አይጥሽ ትተኪልኛለሽ? በባለ ቀዩ ነው በባለ አረንጓዴው?»

እጅጌዋን አስለቅቃ ወጣች። ከኋላዋ የተከተላት እርግማን እንኳ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር፤ እርግማኑ ይሻላት ነበር።

ተቋሙ ስትደርስ ፕሮፌሰሩ ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል። ዛሬ አይጦቹ የሚከፈቱበት ቀን ነው። «ዘገየሽ» አሏት ቀና ሳይሉ። ወንድሟ እንደታመመ ነገረቻቸው። «አዝናለሁ። አይጦቹ ግን ወንድም የላቸውም፤ ሰዓት ነው ያላቸው። እጅሽን ታጠቢ።» ታጠበች። ሳጥኖቹን ወደ ጠረጴዛው አመጣች፤ ጭራቸው ያልተቀባ፣ ጭራቸው ቀይ፣ ጭራቸው አረንጓዴ። ያልተቀቡት ከውሃ በቀር ምንም አልወሰዱም። ቀዮቹ የወሰዱት ክኒኑን ብቻ ነው። ክኒኑ ከሩቅ አገር የመጣ መርዝ አይደለም፤ ራሱን የፈለጠው፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ከሱቅ በፍሬ ገዝቶ የሚውጠው ያው ነጩ ክኒን ነው። በልኩ ሲወሰድ ይበጃል፤ ከልኩ ሲያልፍ ጉበት ያቃጥላል። አይጦቹን የሚያሳምም ነገር ሲፈለግ እሱ የተመረጠው አስተማማኝ ስለሆነ ነው። አረንጓዴዎቹ ደግሞ ቅጠሉን ቀደም ብለው ሲጠጡ ሰነበቱ፤ ከዚያ እንደ ቀዮቹ ተፈጭቶ በውሃ የተበጠበጠ ክኒን በጎባጣው መርፌ ወረደላቸው። ፈተናው ይኸው ነው፦ ቅጠሉ ከክኒኑ ይጠብቃቸዋል ወይስ አይጠብቃቸውም?

እያደነዘዘች ታቀርባለች፣ ፕሮፌሰሩ ይከፍታሉ፣ ጉበቱን አውጥተው ሚዛን ላይ ያኖራሉ። የቀዮቹ ጉበት የገረጣ ነው፣ ያበጠ፣ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት፤ ጣት ሲነካው የበሰለ ነገር ይመስላል። የአረንጓዴዎቹ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ስለታም። አንዱን ካንዱ ለመለየት መማር አያስፈልግም፤ አክስትየዋም ብታየው ትለየዋለች። ፕሮፌሰሩ ደስታቸውን ማንም እንዳይካፈላቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ያፏጩትን ፉጨት ሰምታ እንደሆነ ለማየት ቀና አሉና አቆሙት። ልጅቷ ሥጋውን በየጠርሙሱ እየከተተች፣ የቀረውን ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ትጥላለች፤ ያልተቀባ ጭራ፣ ቀይ ጭራ፣ አረንጓዴ ጭራ፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ። የተጠበቀም ያልተጠበቀም እኩል ነው የሚታረደው፤ ጉበት ካልተከፈተ አይታይማ። አይጦቹ ድነዋል! አክስቴ መጥታ የዳኑበትን ከረጢት ባየች፣ አለች በሆዷ፤ ሳቅ መጣባት።

ከረጢቱን ከቋጠረች በኋላ ፍሪጁን ከፈተች። ጠርሙሱ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። እንደማይረዳው ታውቃለች። ካለፈው ወር አንድ ሳጥን አይጦች ነበሩ፤ ክኒኑን ቀድመው ወስደው ቅጠሉ ዘግይቶ የተሰጣቸው፤ አንዱም አልተረፈም፤ ሳጥኑን ያጠበችው ራሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቀች ጠርሙሱን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። ለወንድሟ አልነበረም። ከአክስቷ አፍ ለማምለጥ ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ ከኮሪደሩ ዝምታ።

«ፍሪጁን ዝጊው፣ ይሞቃል» አሉ ፕሮፌሰሩ ጀርባቸውን እንደሰጧት። ዘጋችው። «ቦርሳሽ ውስጥ የገባውን አላየሁም። ነገ ግን በዚህ በር እንዳላይሽ። ሰጋቱራ የሚቀይር ሰው አይጠፋም።»

ብዙ የምትመልሰው ነበራት። ለዓመታት ያጠራቀመችው፣ አንዱ ካንዱ የሚበልጥ። ጋውኗን መስቀያው ላይ ሰቅላ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። አንሶላው ተነስቷል፣ ፍራሹ ለሁለት ታጥፏል፣ ሥሩ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል። የጎኑ አስታማሚ፣ «እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ሬሳውን ነገ ጠዋት ነው የሚሰጧቸው፤ ወደ ቤት ሄደዋል» አላት፤ ጠዋት የጮኸችው እሷ መሆኗ ትዝ ሲለው ደግሞ ፊቱን አዞረ። ውሃውን አነሳችው። ለምን እንዳነሳችው አታውቅም፤ በእጥፍ የተገዛ ነገር መተው የማይሆንላት ቤት ነው ያደገችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ገባች። ክፍሉ ውስጥ ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ሞልተዋል፤ አንዱም አንዱን አይመስልም። ሰዎቹ ሲያዩዋት ወሬያቸውን አቋረጡ፤ የሚያወሩት ስለ እሷ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። የልብስ ስፌት መኪናው ግድግዳ ተጠግቶ ጨርቅ ተጥሎበታል። ልጅቷ ማንንም ሰላም ሳትል መሀል ገብታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምናልባት ማልቀስ ፈልጋ ይሆናል፣ ግን በዚያ ቤት በሷ ዓይን እንባ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ከሷ የሚጠብቅም አልነበረም።

አክስትየዋ ጠርሙሱን አየችው፣ እሷን አየቻት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ እንኳ ስድቡን አላጎደለም። «አያችሁ? እዩልኝ! ነበራት። ቆልፋበት ነበር። ለአይጥ እየቀዳች ለወንድሟ ነፈገችው። አይጦቹ ድነዋል እኮ፣ አይጦቹ ድነው የኔ ልጅ...» ጡረተኛዋ አስተማሪ አቀፈቻት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን አላረመችውም።

ልብስ ሰፊዋ ነች የተነሳችው። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ቃል በላይ ያልተናገረች ሴት፣ የልጅቷን ክንድ ይዛ ወደ ስፌት መኪናው ወሰደቻትና ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ በሹክሹክታ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ «ተያት» አለቻት። «አትስሚያት። ሐዘን ነው። ቅጠል አጥቶ አልሞተም። የጠርሙሱ ይበልጣል ብላ ነው እማዬ የምትጮህብሽ እንጂ እኛስ ሰጥተነው ነበር።»

የመኪናውን መሳቢያ ሳበች። በብጣሽ ጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ ቅጠል አለ፤ ልጅቷ ከጠርዙ ጥርሶች አወቀችው፣ ከተቋሙ አጥር ላይ ነው። አጠገቡ የዚያው የነጩ ክኒን ማሸጊያዎች፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ተወግቶ ባዶ የሆነ፣ ተደራርበው በአረንጓዴ ክር ታስረዋል።

«ትቆጫለሽ ብለን ነው የደበቅንሽ። ግን ከቃልሽ አልወጣንም። እንዳልሽው ነው ያደረግነው፦ መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ክኒኑን። እጁ ላይም ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ እሱ ራሱ ስቆ፣ ከአረንጓዴዎቹ አስገቢኝ ብሎኝ። በኪሎ ነው ብለሽ የለ? ለአይጧ ቁንጥር ከሆነ ለሱ እፍኝ ይሆናል ብለን፣ ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን።» ማሸጊያዎቹን በጣቷ ገለበጠቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ የተማረ ሰው እንደምትጠይቅ፣ ከልቧ ጠየቀቻት።

«አሳንሰንበት ይሆን?»